የተከዳው ሰው ገጽ የት አለ? በምንወዳቸው ልቦለዶች ውስጥ ስለ መማገጥ፣ ስለ ላጤነትና ስለ ትዳር

የጠባሴ አንባቢ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለዚህ ቤት። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ሻይ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ።

ደብረ ብርሃን ላይ ጥቂት ሆነን መጽሐፍ እያነበብን የምንወያይበት ስብስብ አለን። አስተማሪ አለ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ አለ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ። ሰሞኑን የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ጨረስን። መጀመሪያ ያወራነው ሁሉም ሰው የሚያወራውን ነው። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ መሰብሰቡን፣ ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ደብዛው መጥፋቱን፣ ደርግ በኤርትራ ያካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ምን እንደነበር። ከዚያ ወደ ፍቅሩ ገባን። ያኔ ቤቱ ደመቀ። ፊያሜታ እንዲህ ናት፣ ፊያሜታ እንዲያ ናት፤ አሥመራ፣ ምሽቱ፣ ጭፈራው።

ስለ ሮማን ግን አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም።

መጽሐፉን ላላነበባችሁ፦ ሮማን የጋዜጠኛው የጸጋዬ ኃይለማርያም እጮኛ ናት። ሊጋቡ ነበር። እሱ ለግዳጅ አሥመራ ሄደ፣ እዚያ ፊያሜታን አገኘ፣ ልቡ ከእሷ ጋር ቀረ። ሮማን አዲስ አበባ ናት።

እኔን የከነከነኝ እዚህ ላይ ነው። በምንወዳቸው የፍቅር ታሪኮች ውስጥ የሚማግጠው ሰው ልቡ ተከፍቶ ይታየናል። ይጨነቃል፣ ይመኛል፣ እንቅልፍ ያጣል። የተከዳው ሰው ግን ስሙ ብቻ ነው ያለው። «ኦሮማይ»ን የሚተርክልን ጸጋዬ ራሱ ነው፣ «እኔ» እያለ። እሱ ሲያፈቅር እኛም አብረነው እናፈቅራለን። ሮማንን የምናያት እሱ ትዝ ስትለው ነው፤ ሲረሳት እኛም ረሳናት። እዚያ የተቀመጥነው ሰዎች ሁላችንም ጨዋ ሰዎች ነን። ጎረቤታችን እጮኛውን እንዲህ ቢያደርጋት «አይ የሰው ክፋት» እንላለን። መጽሐፉ ውስጥ ሲሆን ግን ከሚማግጠው ሰው ጎን ቆምን።

ላጤዎቹስ? በልቦለዶቻችን ውስጥ ያላገባ ሰው ካለ፣ እስኪያገባ ድረስ ወይም እስኪሞት ድረስ ነው የምንጠብቀው። ብቻውን የሚኖር፣ ቤቱን የሚያሞቅ፣ ሕይወቱ ሙሉ የሆነ ሰው አግኝታችሁ ታውቃላችሁ?

ከምትወዱት መጽሐፍ ተነሱና ንገሩኝ። ማን ተከዳ? ድምፁን ሰማችሁት?

ሮቢት ሙቀት (ሸዋ ሮቢት)

እህቴ፣ ጥያቄሽን ወድጄዋለሁ፤ በመልስሽ ግን አልስማማም።

እኔ ያንን መጽሐፍ ያነበብኩት ልጅ ሆኜ፣ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞር ፎቶ ኮፒ ነው። ዳር ዳሩ ተበልቶ ነበር። ስለዚህ ትንሽ አድላለሁ። ጸጋዬ ጥፋቱን አልደበቀም። የሰው እጮኛ መሆኑን አውቀን ነው ፊያሜታን የምናገኛት። ራሱን ማጠብ ቢፈልግ ሮማንን ጨቅጫቃ፣ ገንዘብ ወዳድ፣ ክፉ አድርጎ ይስልልን ነበር። ስንት ደራሲ እንደዚህ ያደርጋል! ሚስትየዋን መጀመሪያ ያስጠላናል፣ ከዚያ ባልየው ሲሄድ «እሰይ» እንድንል ያደርገናል። እሱ እውነተኛው ማጭበርበር ነው። በዓሉ ያንን አላደረገም።

ደግሞም ጦርነት ነው። ነገ መኖሩን የማያውቅ ሰው ሰላም አገር እንዳለ ሰው አያፈቅርም። የሁሉንም ሰው ልብ እኩል የሚከፍት ልቦለድ አላየሁም። አንዱን ልብ በደንብ ከከፈተ ይበቃኛል።

የጠባሴ አንባቢ

ሮቢት፣ «መጀመሪያ ሚስትየዋን ያስጠላናል» ያልከው ልክ ነው። ያንን አላሰብኩትም ነበር፤ በየሱቁ የሚሸጡት ቀጫጭን የፍቅር መጻሕፍት ላይ ሞልቷል። ግን ሮማንን አለማስጠላቱ ድምፅ ሰጣት ማለት ነው? ዝም ብላ ጥሩ ሰው ሆና ቀረች። ዝም ያለ ጥሩ ሰው ደግሞ ቶሎ ይረሳል።

የሞላሌዋ ጡረተኛ (መንዝ)

ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። እዚህ ያስገባችኝ የልጅ ልጄ ናት፤ እኔ እነግራታለሁ እሷ ትጽፋለች።

እኛ ልቦለድ የሰማነው በሬዲዮ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያነብ ሬዲዮ ያለው ቤት ሰው ይሞላ ነበር። እና ሁሉም የሚያወራው ስለ ሰብለወንጌልና ስለ በዛብህ ነው። እኔን የያዘችኝ ግን የበዛብህ እናት፣ ውድነሽ በጣሙ ናት። ባሎቿ እየሞቱባት ሰው ፈርቷት የኖረች ሴት። ገና ቦጋለ መብራቱ ሳያገባት በፊት ያለውን ኑሮዋን አስቡት። ሰው እንደ ክፉ ዕድል ነው የሚያያት። አግብታ ታውቃለች፣ ግን ብቻዋን ናት። እንዲህ ያለ ብቸኝነት ላገባም ላላገባም ሰው ይደርሳል። ሐዲስ ዓለማየሁ የእሷን ታሪክ ያመጣው መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ነው። እኔ ይህን ትልቅ ነገር አድርጌ ነው የማየው።

አሁን ስለ መማገጥ ልምጣ። እናንተ ልጆች ትዳር ሲፈርስ ዓለም የፈረሰ ይመስላችኋል፤ መጻሕፍቱም እንደዚያ ነው የሚጽፉት። ወይ ትገደላለች፣ ወይ ትመንናለች፣ ወይ ታብዳለች። የኛ አገር ኑሮ እንደዚያ ብቻ አልነበረም። በቁርባን የተጋባ አይፈታም። በሰማንያ የተጋባ ግን ካልተስማማ ሽማግሌ ጠርቶ ይካፈላል። ልጅ ሆኜ አንድ ጎረቤታችን ባሏ ሌላ ሴት ጋ መሄድ ሲያበዛ ስትፈታው አይቻለሁ። ሽማግሌዎቹ ገብሱን ግቢው መሐል አፍስሰው በቁና ሰፈሩት። አንድ ቁና ለሱ፣ አንድ ቁና ለሷ። በሬዎቹ ሁለት ነበሩ፣ አንድ አንድ ደረሳቸው። የበግ ጠጉር ብርድ ልብሱ፣ ባናው ላይ ተጨቃጨቁ፤ የፈተልኩት እኔ ነኝ ብላ ወሰደችው። ምጣዷን በራሷ ላይ አድርጋ ወደ አባቷ ቤት ስትሄድ አላለቀሰችም። ሁለት ዓመትም ሳይሞላ ሌላ አገባች።

ያቺን ሴት ልቦለድ ውስጥ አላገኘኋትም። የተከዳች ሴት ሁሉ አልጋ ላይ ወድቃ ስታለቅስ ነው የማገኘው።

አስኳላ (ደብረ ብርሃን)

እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ይህን ጽሑፍ ለጓደኞቼ ልኬዋለሁ።

ዘጠና ሰባት

የ«ኦሮማይ» ፒዲኤፍ ያለው ሰው ቴሌግራም ላይ ይላክልኝ።

የጠባሴ አንባቢ

ወንድሜ፣ መጽሐፉ ገበያ ላይ አለ። መግዛት ካልቻልክ ደብረ ብርሃን ብቅ ስትል እኔ አውስሃለሁ።

ጃማ ማዶ (ዓለም ከተማ)

ስለ ላጤነት የተነሳውን ማንም እንዳይዘለው ብዬ ነው የምጽፈው።

ነርስ ነኝ። ሠላሳዎቹ ውስጥ ነኝ። አላገባሁም። መርሐቤቴ ውስጥ ይህን መናገር ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ቤት ልከራይ ስሄድ የመጀመሪያው ጥያቄ «ብቻሽን ነሽ?» ነው። ሁለተኛው «እንግዳ ይመጣብሻል?» ነው። አንዷ አከራይ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ በር አልከፍትም አለችኝ፤ ሌሊት ተረኛ እንደምሠራ እያወቀች። ባለትዳር ተከራይ ግን ባልየው እኩለ ሌሊት ሰክሮ ሲገባ ይከፈትለት ነበር። ሠርግ ቤት ስሄድ «የአንቺንስ መቼ ነው የምንበላው?» የማይለኝ የለም። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም። የሚያውቁት ምርቃት እሱ ነው።

ታዲያ መጽሐፍ ስከፍት ምን አገኛለሁ? በዓሉ ግርማ እንደገና። «ከአድማስ ባሻገር» ላይ አበራ ወርቁ አለ። ሥራ አለው፣ ቤት አለው፣ ዕድሜው ሠላሳውን ተሻግሯል፣ አላገባም። ታላቅ ወንድሙ አግባ፣ ውለድ እያለ ይወተውተዋል። ያንን ሳነብ አጎቴ መጥቶ አጠገቤ የተቀመጠ ነው የመሰለኝ። በ1962 ዓ.ም. የወጣ መጽሐፍ ነው፤ ንግግሩ እስከ ዛሬ አልተቀየረም። ግን አበራ ወንድ ነው። ያላገባ ወንድ በመጽሐፍ ውስጥ ሲሆን ያስባል፣ ይፈላሰፋል፣ ሕይወት ምንድን ናት ይላል። ያላገባች ሴት ስትሆን ግን ትጠብቃለች።

ሰብለወንጌልን እዩአት። ዕድሜዋ የገፋው የራሷ ምርጫ ሆኖ አይደለም። አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ የመጣውን ሁሉ «ዘሩ አይመጥነንም» እያሉ ስለመለሱ ነው። ይህን ሐዲስ ዓለማየሁ በግልጽ ነው ያሳየው፣ አመሰግነዋለሁ። ሰው «ቆማ ቀረች» የሚላት ሴት አንዳንዴ ሌሎች አስቁመዋት እንደሆነ በአማርኛ እንደሱ ያሳየኝ የለም። ቆይቶም ቢሆን እግሯን አንስታ ትወጣለች፤ መነኩሴ መስላ ከቤት ጠፍታ በዛብህን ፍለጋ ትሄዳለች። ያን ክፍል ሌሊት ተረኛ ሆኜ ነው ያነበብኩት። በሽተኛ ጠርቶኝ መጽሐፉን በግንባሩ ደፍቼ ሄድኩ። ስመለስ ቆሜ ነው የቀጠልኩት።

የምፈልገው መጽሐፍ ግን ገና አልተጻፈም። ደመወዟን ተቀብላ፣ ለእናቷ ልካ፣ ቅዳሜ ልብሷን አጥባ፣ ከሰዓት በኋላ ጓደኞቿን ቡና ጠርታ፣ ማታ መጽሐፏን ይዛ የምትተኛ ሴት። መጨረሻው ላይ ሰው እንዲያመጡላት አልፈልግም። እንዲገድሏትም አልፈልግም።

ሮቢት ሙቀት

ጃማ፣ ይህንን መጽሐፍ አንቺ ለምን አትጽፊውም? የምሬን ነው የምልሽ። ያቺ በር የማትከፍት አከራይ ብቻዋን አንድ ምዕራፍ ናት።

ጃማ ማዶ

ጋሼ ሮቢት፣ አከራይዋማ ራሷ ባሏ ጥሏት የሄደ ሴት ናት። አሁን ሳስበው የፈራችው እኔን ላይሆን ይችላል። ብጽፍ ከእሷ ነው የምጀምረው።

ሕግ አዋቂ (ደብረ ብርሃን)

በሙያዬ ጥቂት ልጨምር።

በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 652 መሠረት ያገባ ሰው ቢያመነዝር ዛሬም ወንጀል ነው። የሚያስከስሰው ግን የተበደለው የትዳር ጓደኛ አቤቱታ ሲያቀርብ ብቻ ነው። ሕጉ ስለዚህ የተከዳውን ሰው አስቀድሞ እንዲናገር ያደርጋል። ልቦለዱ ዝም ያሰኘውን ሰው ሕጉ «አቤት በል» ይለዋል። በተግባር ግን እንዲህ ያለ አቤቱታ ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙ አይገጥመኝም። ሰው የሚመጣው ለፍቺና ለንብረት ነው። ማን ከማን ጋር እንደታየ የሚነገረው ከችሎት ውጭ፣ በረንዳ ላይ ነው።

ሮማን ግን ሚስት ስላልነበረች ይህ ሁሉ አይመለከታትም። እጮኛ ናት። የሚገርመው በሷ ዘመን ይሠራበት የነበረው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ እጮኝነት ውል አንቀጾች ነበሩት። ውሉን ያፈረሰ ወገን የወጣውን ወጪና የተሰጠውን ስጦታ በሚመለከት ሊጠየቅ ይችል ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ እነዚህን አንቀጾች አልያዘም። እማማ የነገሩን የገብስ ክፍያ ግን አሁንም ሕያው ነው። የጋራ ንብረት በፍቺ ጊዜ በመርህ ደረጃ እኩል ነው የሚከፈለው።

የአብነት ተማሪ የነበረ (አንኮበር)

ይቅርታ አድርጉልኝና ሌላ ሐሳብ ላምጣ። መጽሐፍ ሰው ያስተምራል። ልጆቻችን ዝሙትን ጣፋጭ አድርጎ የሚያቀርብ ነገር ሲያነቡ ልባቸው ይላመደዋል። የተከዳውን ሰው ድምፅ እንስጠው የምትሉት ደስ ብሎኛል። ለኔ ግን ከዚያ በፊት ኃጢአቱ ኃጢአት ተብሎ ይጠራ። ደራሲው ካልፈረደ አንባቢው በምን ይፈርዳል?

ጃማ ማዶ

መምሬ ልበልዎት ወንድሜ፣ አላውቅም፤ ግን በአክብሮት ልመልስ። ደራሲው ሲፈርድ እኔ ማሰብ አቆማለሁ። «እሱ መጥፎ ነው» ካለኝ እኔ እሱን እንዳልሆንኩ ተማምኜ መጽሐፉን እዘጋለሁ። የተበደለችውን ሴት ጓዳ አስገብቶ ካሳየኝ ግን ማንም ሳይነግረኝ እፈርዳለሁ። እርስዎ የሚፈልጉትም ይኸው መሰለኝ።

የአብነት ተማሪ የነበረ

ጓዳዋን ካሳየ ይበቃኛል። በዚህ እስማማለሁ።

ጣርማበር ቁልቁል (ደብረ ሲና)

የሰሜን ሸዋ ሰዎች ሆነን «አደፍርስ» ሳይነሳ ክሩ ሊያልቅ ነው እንዴ? ዳኛቸው ወርቁ የደብረ ሲና ልጅ ነው። ታሪኩን ያስቀመጠው እዚሁ አርማንያ ነው። በ1962 ዓ.ም. ነው የታተመው፣ «ከአድማስ ባሻገር» በወጣበት ዓመት። የጠባሴዋ የምትጠይቂው ነገር እዚያ በሌላ መንገድ ተመልሷል ብዬ አምናለሁ። መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር ንግግር ነው። ባለርስቷ ትናገራለች፣ ተማሪው ይናገራል፣ ካህኑ ይናገራል፣ ገበሬው ይናገራል። ስለ ትዳር፣ ስለ ዘር፣ ስለ ሃይማኖት እርስ በርስ ይሟገታሉ። ማንም የማንንም ልብ ጠቅልሎ አይተርክም። ብዙ ሰው ከበደኝ ብሎ ይተወዋል። የከበደው ለዚህ ይመስለኛል፤ ከማን ጎን እንደምትቆም የሚነግርህ የለም።

ቁልቁለቱን ስትወርዱ ጭጋጉ ውስጥ የሚያወሩት ሰዎች አነጋገር ልክ እንደዚያ ነው። እኔ በጆሮዬ ነው ያነበብኩት።

አስኳላ

እኔ ከውጭ መጽሐፍ ላምጣ። ነቢይ መኮንን በእስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ወረቀት ላይ የተረጎመው «ነገም ሌላ ቀን ነው»። የማርጋሬት ሚቸል ነው፤ በእንግሊዝኛ የወጣው በ1936 እ.ኤ.አ. ነው። ካምፓስ ውስጥ ሴቶቹ ሁሉ ስካርሌት ኦሃራን እንወዳታለን። እኔም እወዳታለሁ፣ አልዋሽም። ጦርነት ቤቷን በልቶባት፣ በረሃብ ላይ ቆማ «ዳግመኛ አልራብም» ያለች ሴት ናት።

ግን ይህን ክር ካነበብኩ በኋላ አንድ ቦታ ላይ ተመለስኩ። ታራ የምትባለው እርሻቸው የግብር 300 ዶላር ተጠየቀባት። ብር የለም። የእህቷ የስዌለን እጮኛ ፍራንክ ኬኔዲ ግን ሱቅ አለው። ስካርሌት «ስዌለን ሌላ ልታገባ ነው» ብላ ዋሸችውና ራሷ አገባችው። የእህቷን እጮኛ! ከዚህ በፊት ሳነበው «ጎበዝ፣ እርሻውን አዳነች» ብዬ አልፌዋለሁ። ስዌለን ደግሞ መጽሐፉ ውስጥ ስታማርር ነው የምናያት፤ ሰነፍ፣ ነጭናጫ። ጋሼ ሮቢት «መጀመሪያ ያስጠላናል» ያሉት ይኸው! ነጭናጫ ስለሆነች እጮኛዋ ቢወሰድባት አላሳዘነችኝም።

ሮቢት ሙቀት

አስኳላ፣ ጥሩ ይዘሻል። ሆኖም ስካርሌት ያንን ባታደርግ ስዌለንም ጭምር ጎዳና ትወድቅ ነበር። ያዳነችው ቤት የሁለቱም ነው።

አስኳላ

አዎ፣ ግን ማንም ስዌለንን አልጠየቃትም። «እጮኛሽን ስጪንና ቤታችን ይትረፍ» ቢሏት ምን ትል እንደነበር አናውቅም። እሺ ልትልም ትችል ነበር። ያንን ዕድል ነው የወሰደችባት።

የሞላሌዋ ጡረተኛ

ይህንን መጽሐፍ የልጅ ልጄ አንብባልኛለች፤ ስንት ወር ፈጅቶብናል። ሜላኒን ለምን ዘለላችኋት? ስካርሌት ዕድሜዋን ሙሉ የምትመኘው የሜላኒን ባል፣ አሽሊን ነው። አንድ ቀን ተቃቅፈው ሰው አየባቸው። ወሬው ከተማውን ሞላ። የዚያኑ ማታ ሜላኒ ቤት ድግስ አለ። ሁሉም ሰው ሜላኒ ስካርሌትን በር ላይ ታዋርዳታለች ብሎ ቆሞ ይጠብቃል። ሜላኒ ግን ሄዳ ክንዷን ያዘቻት። ከጎኗ አድርጋ እንግዶቹን አብራት ተቀበለች።

እዚያ ላይ ስንደርስ የልጅ ልጄ ተናደደች። «ሞኝ ናት፣ አልገባትም» አለችኝ። እኔ ግን የማይገባት አይመስለኝም። ያን ቀን ሜላኒ ብታዋርዳት ከተማው ከሜላኒ ጋር ይሆን ነበር፣ ለሁለት ሳምንት። ከዚያ በኋላ ባሏም ቤቷም ስሟም የወሬ ሆኖ ይቀር ነበር። ክንዷን ስትይዛት ወሬው እዚያው ሞተ። ይሄ የደካማ ሴት ሥራ አይደለም። እንደዚህ ያሉ ሴቶች አውቃለሁ፤ ባላቸው የት እንደሚያድር እያወቁ ማኅበር ቤት ከዚያችው ሴት ጋር አንድ ሞሰብ ቀርበው የበሉ። ምን እንዳሰቡ ማንም አልጠየቃቸውም። እኔም አልጠየቅኳቸውም፤ ነውር ነበርና።

ጃማ ማዶ

እማማ፣ አያምኑኝ ይሆናል፣ እንባዬ መጣ። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ያቺ ባናዋን ወስዳ የሄደችው ሴትና እነዚህ ዝም ያሉት ሴቶች፣ ማናቸው የተሻለ ኖሩ?

የሞላሌዋ ጡረተኛ

ልጄ፣ ባናዋን ወስዳ የሄደችው የምትገባበት የአባት ቤት ነበራት። ወንድሞቿ ደግሰው ነው የተቀበሏት። ዝም ካሉት ውስጥ አንዳንዶቹ የሚገቡበት ቤት አልነበራቸውም። አንዳንዶቹ ደግሞ ሰውየውን ይወዱት ነበር። በቁርባን የታሰሩም ነበሩ። ደራሲዎቹ ይህን ቢጽፉልን ደስ ይለኛል። አንዷ ለምን እንደሄደች፣ አንዷ ለምን እንደቀረች። ከቤት እስከ ቤት ይለያያል።

ሕግ አዋቂ

ይህ ልክ ነው። ለፍቺ የሚመጡትን ሴቶች መጀመሪያ የምጠይቃቸው «ዛሬ ማታ የት ታድሪያለሽ?» ብዬ ነው። ከመልሱ ተነስቼ ጉዳዩ እንዴት እንደሚያልቅ እገምታለሁ።

ጣርማበር ቁልቁል

የተከዳ ወንድስ? እስካሁን ስለ ሴቶች ብቻ ነው የተወራው። በልቦለዶቻችን ውስጥ የተከዳ ወንድ ሁለት ነገር ነው የሚያደርገው፤ ይጠጣል ወይም ይገድላል። እኔ የማውቀው ሰው ሚስቱ ከሌላ ሄዳበት ሦስት ልጅ ብቻውን አሳደገ። እንጀራ መጋገር ተማረ። ጭሱን ያልለመደ ዓይኑ እየነደደ ጠዋት ጠዋት ምጣዱ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ ጎረቤት እንዳያየው በሩን ዘግቶ። ልጆቹ አሁን አድገዋል። ይህ ሰው ለልቦለድ አይበቃም?

የጠባሴ አንባቢ

በጣም ይበቃል። በሩን ዘግቶ ያልከውን አልረሳውም። ወንዱ ምጣድ ላይ መታየቱን ነው የፈራው፤ ከመከዳቱ በላይ።

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ «አደፍርስ»ን እንጀምራለን፤ ጣርማበር አሳምኖኛል። ጃማ፣ መንገዱ ሩቅ ስለሆነ በስልክ ትገቢያለሽ። አስኳላ፣ ስዌለንን አንስተሽ አንድ ገጽ ጻፊልን። ከእሷ አፍ ሆኖ፣ ፍራንክ ማግባቱን የሰማችበትን ቀን።

አስኳላ

እሺ! ነጭናጫነቷን አልተውላትም ግን። ነጭናጫ ሆናም ትከዳለች።

ሮቢት ሙቀት

ሰሞኑን «ኦሮማይ»ን እንደገና አወጣሁት። ከጸጋዬ ጋር አልተጣላሁም፤ አሁንም እወደዋለሁ። ግን አንድ ነገር አየሁና ቅዳሜን ሳልጠብቅ እዚሁ ልናገር።

ጸጋዬ በዘመቻው ውስጥ ሥራው ምንድን ነው? የፕሮፓጋንዳው ኃላፊ ነው። አገሩ ስለ አሥመራ ምን እንደሚሰማ፣ ምን እንደማይሰማ የሚወስነው እሱ ነው። እንግዲህ ሮማንን አስቧት። አዲስ አበባ ቁጭ ብላ ማታ ሬዲዮ ትከፍታለች። ከአሥመራ የሚመጣው ዜና እጮኛዋ ያሰናዳው ነው። ዘመቻው እንዴት እንደሄደ ትሰማለች። ስለ ራሷ ትዳር ግን አንድ ቃል የለም።

እኔ ደግሞ ሰውየው «እኔ» እያለ ስለ ፊያሜታ ሲያወራልኝ እንደ ወዳጅ ነው የሰማሁት። ያው ሰው ቀን ቀን ለአገሩ ወሬ መርጦ የሚያቀርብ ሰው መሆኑን አላሰብኩትም። ለአገሩ የመረጠ ለኔም ሳይመርጥ አይቀርም። የጠባሴዋ፣ በዚህ በኩል ክርክሩን አሸንፈሻል። በዓሉ ግን ይህን ሳያውቅ አልጻፈውም ባይ ነኝ። በዚህ ደግሞ እኔ አሸንፌያለሁ።

የጠባሴ አንባቢ

ጋሼ ሮቢት፣ ይህን ራስህ መጥተህ ተናገረው። ከሮቢት በጠዋት የሚነሳውን መኪና ከያዝክ ከስብሰባው በፊት ትደርሳለህ። ጋቢ ያዝ፤ እዚህ ብርዱ ያው ነው።